ከጓሮ አፈር እስከ ወጥ ድስት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተዘጋጁት አዲስ አበባን በመሳሰሉ ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች፣ በግቢም ሆነ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ነው። ቆላ ላለ ሰው የመዝሪያው ወቅትና የውሃው መጠን ይለያል። የአፈሩና የብስባሹ (የኮምፖስቱ) ነገር ግን የትም ያው ነው።

ጓሮ መጀመር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ምን ልዝራ?

ገና ምንም አይዝሩ። መጀመሪያ ከወጥ ቤት የሚወጣውን ልጣጭና ትርፍራፊ ለብቻ ማጠራቀም ይጀምሩ። አብዛኛው የከተማ ጓሮ የሚከሽፈው በዘር ችግር ሳይሆን አፈሩ ርቦት ነው። ጎመኑ ይበቅላል፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣል፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ስንዝር ሳይሞላ ይቀራል። ባለቤቱም «ዘሩ አይረባም» ይላል። ቤት ሲሠራ ላይኛው ለም አፈር ተዝቆ ይወጣል፤ በቦታው የሚቀረው ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ውስጠኛ አፈር፣ የሲሚንቶ ቅሪትና የብሎኬት ስብርባሪ ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ውሃ ብቻ በማብዛት አያሸንፉትም።

በየካቲት ብስባሽ ማዘጋጀት የጀመረ ሰው፣ በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ የጫካ መሬት ጠረን ያለው አፈር ይኖረዋል። ዘሩ ያኔ ይደርሳል።

አፈሬ ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ከላይ ያለውን ሣርና ቆሻሻ ጠርገው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩና ከዚያ አፈር ይውሰዱ። ድንጋይና ሥሩን ለቅመው የጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ ይሙሉ። እስከ አንገቱ ውሃ ይጨምሩ፣ ቁንጥር የልብስ ሳሙና ዱቄት ጣል ያድርጉበት፣ ለ3 ደቂቃ በደንብ በጥብጠው ያስቀምጡት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚዘቅጠው አሸዋ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት በላዩ የሚተኛው ደለል ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ፈጅቶ ቀስ እያለ የሚወርደው ሸክላ ነው። ሲረጋ ሦስቱን ንብርብር በማስመሪያ ይለኩ። ሸክላው ከግማሽ ካለፈ አፈርዎ ከባድ ነው ማለት ነው።

ቀለሙም ይናገራል። ጥቁሩ ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ቀይ አፈር ውሃ በተሻለ ሁኔታ ያሳልፋል፤ ብዙ ዝናብ በሚጥልበት አካባቢ ግን አሲዳማ የመሆን ዝንባሌ አለው።

ግቢዬ ዋልካ ነው። አሸዋ ልጨምርበት?

አይጨምሩ። ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲደባለቅና ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠጥራል። ለውጥ እንዲያመጣ ከተፈለገ የአፈሩን ግማሽ ያህል አሸዋ ማስገባት ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ለማንም አያዋጣም። የሚሠራው መደብ ከፍ ማድረግና ብስባሽ ማብላት ነው። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ይሥሩ፤ በመደብና በመደብ መሃል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዉ። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ያደባልቁ። በየዓመቱ አንድ ባልዲ እየጨመሩ ከሄዱ በሦስተኛው ዓመት ልዩነቱን እጅዎ ያውቀዋል።

ዋልካን ርጥብ ሆኖ ፈጽሞ አይቆፍሩት። ጭብጥ አፈር አድቦልቡለው በአውራ ጣት ይጫኑት። ከተፈረፈረ ይቆፍሩ። ተጣብቆ እንደ ጭቃ ከተላከከ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሱ፤ አለዚያ የሚገለበጠው ጓል ሲደርቅ በመዶሻ እንኳ አይሰበርም።

ብስባሽ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

በክረምት ከመሬት በላይ ይከመራል፣ በበጋ ጉድጓድ ውስጥ ይደረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሐምሌ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ በጥር ደግሞ ክምሩን ንፋስና ፀሐይ ያደርቁታል። የክምሩ ወርድም ቁመትም ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን አይዝም። ጥላ ያለበት፣ ከቤት ግድግዳ ራቅ ያለ ቦታ ይምረጡ።

ከታች 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራሮ ወይም የበቆሎ አገዳ ይነጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር ይከተላል፦ ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ለቡና የተጎዘጎዘና የደረቀ ቄጠማ። ውሃ ይርጩበት። ቀጥሎ 10 ሳንቲ ሜትር ርጥብ ነገር፦ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ ሣር። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር እበት ወይም የቆየ ብስባሽ፣ በመጨረሻም ስስ አፈርና ጭብጥ አመድ ብትን ይደረጋል። ይህንኑ እየደጋገሙ ከፍታው 1 ሜትር ወይም ትንሽ በላይ ሲሆን በአፈር፣ በኮባ ቅጠል ወይም በአሮጌ ጆንያ ይሸፍኑት። በባልዲ ለሚለካ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለአንድ ባልዲ ርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ። ደረቁ በጾም ወራት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ያኔ ከወጥ ቤት የሚወጣው የአትክልት ልጣጭ ይበዛልና።

ክምሩ ሲሠራ መሃሉ ላይ እስከ ታች የሚደርስ ረጅም ዱላ ይትከሉበት። ዱላው የክምሩ ሐኪም ነው። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ነቅለው በእጅዎ ሲዳስሱት ሞቆና ርሶ ከተገኘ ሥራው እየሄደ ነው፤ ጥሩ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ ይህም የአረምን ዘርና ብዙ ተውሳክ ይገድላል። በ3 ሳምንት የውጩ ወደ ውስጥ፣ የላዩ ወደ ታች እንዲገባ ያገላብጡት። ከዚያ በየ2 እና 3 ሳምንቱ ይድገሙት። ከ3 እስከ 4 ወር ይበቃል፤ ክረምት ከገባበት እስከ 6 ወር ሊሄድ ይችላል። መድረሱን የሚያውቁት ያስገቡት ነገር ተለይቶ የማይታይ ሲሆንና ሙቀቱ ሲበርድ ነው።

ይህ በአገራችን በማሳ ላይ የተፈተነ ሥራ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከግብርና ቢሮ ጋር በትግራይ ባስጀመሩት ሥራ፣ ኮምፖስት የገባበት የገብስ፣ የስንዴና የጤፍ ማሳ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል።

ብስባሹ ውስጥ የማይገባው ምንድን ነው?

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የነካው ወጥ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር አይገቡም። የመጀመሪያዎቹ አይጥ ይጠራሉ፣ የመጨረሻው በሽታ ያመጣል። የተረፈ እንጀራ ጥቂት ከሆነ ክምሩ መሃል ተቀብሮ ሊገባ ይችላል፤ ግን ድርቆሽ ሊሆን የሚችል እንጀራ ለመሬት አይጣልም። የባህር ዛፍ ቅጠል ይቅርብዎ። ዘይቱ የሌላን ተክል ቡቃያ ያቀጭጫል፣ ለመበስበስም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በበሽታ የጠወለገ የቲማቲምና የድንች ግንድም ይቃጠል እንጂ ወደ ክምሩ አይመለስ።

ክምሬ ይሸታል። ሌላውም አልሞቀም። ምን አጠፋሁ?

የሚሸተው ርጥቡ በዝቶ አየር አጥቷል። ዘርግፈው ገለባና ካርቶን እያስገቡ እንደገና ይከምሩት፤ በሁለት ሦስት ቀን ሽታው ይጠፋል። ሽታው እንደ ሽንት የሚሰነፍጥ ከሆነ ናይትሮጅኑ ወደ አየር እየወጣ ነው፤ መድኃኒቱ ያው ደረቅ ነገር ነው።

ያልሞቀው ደግሞ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ደርቋል፦ ዱላው ሲነቀል ደረቅ ነው፣ ውስጡም ነጭ ሻጋታ አለ። ውሃ ይርጩና ያገላብጡ። ጭብጥ አድርገው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ የሚወጣ ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። ወይ ርጥብ ነገርና እበት አንሶታል። ወይ ደግሞ ክምሩ ትንሽ ነው። በትንሽ ክምር የሚሠራ ሰው ሙቀት ባይኖርም አይጨነቅ፤ ይበሰብሳል፣ ዘግይቶ ነው። የአረም ዘር ግን አይሞትለትምና ያፈራ አረም አያስገባበት።

እበት ወይም የዶሮ ኩስ እንዳለ ብጨምርስ?

ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፤ የዶሮ ኩስ ከሁሉም ይብሳል። ሌላው ችግር ጤና ነው። ሰላጣና ቃሪያ ጥሬያቸውን የሚበሉ ስለሆኑ፣ ያልበሰለ ፍግ ከገባበት መሬት ቢያንስ 4 ወር ሳይሞላ መልቀም አይገባም። ከክምር ጋር አብሮ የበሰለ ፍግ ይሻላል። እበት በየቤቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ መሬቱ የሚያጣው ትልቅ ነገር ነው፤ ከብት ያለው ጎረቤት ካለዎት በሳምንት አንድ ባልዲ መለመን ያዋጣል።

አመድስ?

የእንጨትና የከሰል አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፣ አሲዳማ አፈርንም ያለዝባል። ልኩ በዓመት ለካሬ ሜትር አንድ ሁለት ጭብጥ ነው። ድንች በሚተከልበት አያድርጉ፤ ልጣጩን የሚያሻክር እከክ ያበረታታል። ከትኩስ ፍግ ጋርም አይቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል። ላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ ከጓሮ ይራቅ።

ለጀማሪ የሚያዋጣው አትክልት የትኛው ነው?

የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት። ቲማቲም ሁሉም የሚመኘው ነው፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ክረምት ዋግ ይጨርሰዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይመታዋል። ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ።

ጎመን የመደቡ ጌታ ነው። ዘሩን በ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በመስመር ይዝሩ፣ በስሱ ገለባ ሸፍነው ቀዳዳው በደቀቀ ማርከፍከፊያ ውሃ ያጠጡ። በ4 እና 7 ቀን መካከል ይበቅላል፤ እንደበቀለ ገለባውን ያንሡለት። ከ4 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያዛውሩት። ሲለቀም ከታች በኩል ነው፤ ከላይ አምስት ስድስት ቅጠል ሁልጊዜ ይተዉለት። አናቱን የቆረጠ ሰው አንድ ቀን ብቻ ይበላል። በሥርዓት የተለቀመ ጎመን ግን አገዳ እስኪያወጣ ወራት ያበላል።

ቆስጣ ዘሩ አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ከሁለት እስከ አራት ፍሬ የያዘ ጉብጉብ ነው። ከአንድ ቦታ ብዙ ቡቃያ የሚወጣው ለዚያ ነው። አንዱን አስቀርተው ሌላውን በመቀስ ካልቆረጡት እርስ በርስ ተሻምተው ይቀጭጫሉ። ዘሩን አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩት።

ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ገዝተው ትልልቁን ፍንካች ይምረጡ፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርገው በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ። የመደቡን ዳር ደግሞ ለጤና አዳም፣ ለበሶብላ፣ ለጦስኝና ለሥጋ መጥበሻ ይስጡ። ጦስኝና ሥጋ መጥበሻ ብዙ ውሃ ይጠላሉ፤ ከጎመኑ ጋር እኩል ካጠጧቸው ሥራቸው ይበሰብሳል።

በበጋ ለካሬ ሜትር ከ5 እስከ 10 ሊትር ውሃ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል፣ ጠዋት ይሁን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል፤ አንድ ቀን ሲረሱት ይጠወልጋል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። መሬት የለኝም።

ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ያህል የሚያገኝ በረንዳ ካለ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይሆናሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጎኑን ቆርጠው ከታች 6 ወይም 8 ቀዳዳ ይብሱት። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉ (ከዋልካ በስተቀር ማንኛውም አፈር ይሆናል)። ውሃ የጠጣ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ ዕቃዎቹን በግድግዳው ጥግ ይደርድሩ እንጂ በበረንዳው ጫፍ አይከምሩ። የዕቃ አፈር ቶሎ ይደኸያል፤ በየ2 ወሩ ሁለት ጭብጥ ብስባሽ ይጨምሩለት። ብስባሹን ለመሥራትም ክዳን ያለው፣ ከታች የተበሳ ባልዲ ይበቃል፤ ልጣጭ በጣሉ ቁጥር በላዩ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ያልብሱት።

ከገበያ የሚመጣውን አትክልት በኮምጣጤ ባጥበው ይጸዳል?

ጭቃውንና ከላይ ያለውን ተውሳክ ይቀንሳል። ከውስጥ የገባውን አያወጣም። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር ከሚለማው አትክልት አንዳንዱ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ በገባበት ውሃ ነው የሚያድገው። እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ብረቶችን ተክሉ በሥሩ ይስባል፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያከማቻል። «የሐበሻ» የሚለው ስም የዝርያ ስም ነው፣ በምን ውሃ እንደለማ አይነግርዎትም። ስለዚህ ቅጠሉን ከጓሮዎ፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ከገበያ ማድረግ ጥሩ ክፍፍል ነው። የራስዎም ጓሮ ከጋራዥ፣ ባትሪ ከተጣለበት ቦታና መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር ይራቅ።

በባዶ እግር አፈር መርገጥ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል። እውነት ነው?

በእኛ ደጋ ይህን ምክር አይቀበሉ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያሠቃየው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር ዝሆኔ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው። የእርግማን ወይም የዘር ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ቢኖርም፣ ጫማ በማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና በመታጠብ ፈጽሞ የሚከለከል በሽታ ነው። የመንጠቆ ትልም በባዶ እግር በኩል ይገባል። ስለዚህ እግር ጫማ ውስጥ፣ እጅ አፈር ውስጥ ይሁን። እጅ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎም ያልተቋረጠ ይሁን።

የጤፍ ብረት ከአፈር ነው የሚባለው ምን ማለት ነው?

ጤፍ ራሱ ብረት አለው። ነገር ግን በአውድማ መሬት ላይ ሲወቃ ደቃቅ አፈር ስለሚቀላቀለው፣ ሲለካ የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር ከፊሉ የአፈሩ ብረት ነው። በደንብ የተነፋና የታጠበ ጤፍ ሲለካ መጠኑ በጣም ይቀንሳል። የአፈሩ ብረት ደግሞ ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው አይደለም።

ይልቅ የሚረዳው የእርሾው ሥራ ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ብረትን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይፈርሳል። ሊጡን ለማኮምጠጥ ብሎ ኮምጣጤ መጨመር ወይም ለማፋጠን ብሎ በአንድ ሌሊት ማንሣት ይህን ጥቅም ያሳጣል። ከእንጀራው ጋር ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ መብላት ብረቱን ለመውሰድ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ይቃረኑታል። ቡናውን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ያለበት ሰው።

ክሽክሽ ጎመኔን ወረረው።

በቅጠሉ ጀርባ ነው የሚከማቸው። መጀመሪያ በእጅ ያሻሹት ወይም በውሃ ኃይል ያጥቡት። ካልለቀቀ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፤ በ4 ቀን ይድገሙ፣ ከመልቀምዎ በፊት ያጥቡት። በቀትር ፀሐይ ከረጩ ቅጠሉ ይቃጠላል። ችግኙ ሌሊት ከሥሩ ተቆርጦ ካደረ ደግሞ ቆራጭ ትል ነው። በየችግኙ ዙሪያ ሁለት ጣት ከመሬት የሚገባ የካርቶን ቀለበት ይከላከለዋል።

ሽፈራው (ሞሪንጋ) አዲስ አበባ ይሆናል?

አይመከርም። የኮንሶና የአርባ ምንጭ አካባቢ ሙቀት የለመደ ዛፍ ነው፤ የደጋው ብርድ ያቀጭጨዋል። ቅጠሉን ደረቁን ይግዙ።

አሜሪካ ነኝ። የሐበሻ ጎመን ማብቀል እችላለሁ?

በሚገባ። ብርዱ ሲላላ በፀደይ (ስፕሪንግ) መጀመሪያ ወይም በበጋው (ሰመር) መጨረሻ ይዝሩት፤ በረጅሙ የበጋ ቀንና በሙቀት ቶሎ አገዳ ያወጣል። ዘር ከአገር ቤት በሻንጣ ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ፈቃድ ማስገባት አይፈቀድም፤ አፈርማ ያለ ልዩ ፈቃድ ፈጽሞ አይገባም። ዝርያው እዚያው በዘር ሻጮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ኬል» እየተባለ ይገኛል።

ዘሩን በየዓመቱ መግዛት አለብኝ?

የሐበሻ ጎመንን አይገዙም። ከሁሉ የበለጠ ቅጠል የሰጡትን፣ ዘግይተው አገዳ ያወጡትን ሦስት አራት ግንድ ምልክት አስረው ሳይለቅሙ ይተዉ። ቶሎ ያበበውን ለዘር ማስቀረት የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚወረሰው ያው ቶሎ ማበብ ነው። ቆባው ወደ ቢጫ ሲለወጥ ሳይፈነዳ አገዳውን ቆርጠው ጥላ ውስጥ በጨርቅ ላይ ያድርቁት፣ ከዚያ ወቅተው ያበጥሩት። ከታቹ ሁለት ጣት ደረቅ አመድ ባለበት ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ አመዱ እርጥበት ይስባል። ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉበት። ከመዝራትዎ በፊት 10 ፍሬ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ይዩት፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ደህና ነው፣ 5 ከሆነ እጥፍ አድርገው ይዝሩ።

«ዲቃላ» የተባለ ጥቅል ጎመን ወይም ቲማቲም ከገዙ ግን ዘሩን አያስቀሩ፤ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። የአገራችንን ነባር ዘሮች በተመለከተ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የዘር ባንክና ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የሠሩት ሥራ የተመሠረተው ገበሬው ከማሳው መርጦ በሚያስቀረው ዘር ላይ ነው። ሦስት ግንድ ጎመን ላይ ክር ማሰርም የዚያው ሥራ አካል ነው።